ኤል ሲ ከመክፈታችን በፊት



በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም ትልቁ ገበያ ባሶ ነበር፤ ዛሬ የጁቤ በምንለው አካባቢ። ሙስሊም ነጋዴዎች ከአባይ ማዶ ወርቅና ቡና እያመጡ ወደ ጎንደርና ምጽዋ ያሻግሩ ነበር። ገዢው ዕቃውን አይቶ፣ ዳስሶ፣ አሞሌውን ወይም ማርያ ቴሬዛውን ቆጥሮ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ግን የደብረ ማርቆስ ወጣት ከቻይና የልብስ ስፌት መኪና ሲያስመጣ ሻጩንም ዕቃውንም አያይም። በመካከላቸው ያለው ባንክ ነው። ባንኩ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ገንዘብ አስቀድሞ መላክ ቀላልና ርካሽ ነው፤ አደጋው ግን ሙሉ በሙሉ በገዢው ላይ ነው። «ሲ ኤ ዲ» በሚባለው መንገድ ሻጩ ዕቃውን ይጭንና ሰነዱን በባንክ በኩል ይልካል፤ ገዢው ሲከፍል ሰነዱን ይረከባል። እዚህ ባንኩ መልእክተኛ እንጂ ዋስ አይደለም። ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ የመጋዘን ኪራይ ይቆጠርበታል፤ ሻጩም ይጎዳል።

ኤል ሲ ሲከፈት ግን ባንኩ ራሱ «ሰነዱ ከተሟላ እከፍላለሁ» ብሎ ቃል ይገባል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ባንኩ ዕቃውን የሚያጣራላቸው ይመስላቸዋል። አያጣራም! እ.ኤ.አ ከሐምሌ 2007 ጀምሮ በሚሠራበት «ዩ ሲ ፒ 600» በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ባንኮች የሚመለከቱት ሰነድን እንጂ ሸቀጥን አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ ድንጋይ ቢኖርና ወረቀቱ የተሟላ ቢሆን ባንኩ ይከፍላል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ገለልተኛ ድርጅት ዕቃውን መርምሮ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ኤል ሲው ላይ ይጻፍ።

ወደ ክፍያው እንምጣ። የመክፈቻ ኮሚሽን፣ የስዊፍት መልእክት፣ ማሻሻያ በተደረገ ቁጥር ሌላ ክፍያ፣ የውጭ ባንክ ዋስትና ከተጨመረ የማረጋገጫ ኮሚሽን፣ ሰነዱ ጉድለት ካለው ደግሞ የጉድለት ክፍያ አለ። አንድ ስም በስህተት ቢጻፍ ማስተካከያው በገንዘብ ነው። ኮሚሽኑ በየሦስት ወሩ የሚታሰብ ከሆነ ጊዜው በተራዘመ ቁጥር ይጨምራል። «ከአገር ውጭ ያለው የባንክ ወጪ በሻጩ ነው» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በዚሁ ደንብ አንቀጽ 37 ከሻጩ ሊገኝ ካልቻለ ዞሮ ወደ ከፋቹ ባንክ፣ ከዚያም ወደ ደንበኛው ይመጣል። ይህን ስንቱ ያውቃል?

ኮሚሽኑ በመቶኛ ስለሚታሰብ የምንዛሪው ዋጋም ይነካዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ። መቶኛው ባይቀየርም በብር የሚከፈለው አደገ።

አንድ ወንድም «ይህ ሁሉ ክፍያ ሪባ አይደለምን?» ብሎ ጠይቆኛል። ሁሉም በአንድ ዓይን አይታይም። በ1985 (እ.ኤ.አ) ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ የዋስትና ደብዳቤን ተመልክቶ፣ ለሥራው ወጪ የሚከፈለው የተፈቀደ፣ ለዋስትናው ብቻ የሚከፈለው ግን ያልተፈቀደ መሆኑን ወስኗል። ገንዘቡን መቶ በመቶ አስይዘን ኤል ሲ ስናስከፍት ብድር የለም። ከፊሉን ብቻ አስይዘን ቀሪውን ባንኩ ከከፈለልን ግን ብድር ነው፤ በመደበኛው አሠራርም ወለድ ይታሰብበታል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የእያንዳንዱን ክፍያ ምክንያት በዝርዝር በጽሑፍ መጠየቅ መብታችን ነው። ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራህ 282) የሚናገረው ዕዳን ስለመጻፍ አይደለምን?

ሙሉ ገንዘብ የሌለው ሰው በሙራበሃ መጠየቅ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በ2011 (እ.ኤ.አ) ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመመሪያ ፈቅዷል፤ ዘምዘም ባንክ ደግሞ በ2013 ዓ.ም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ ይሸጥልናል፤ ብንዘገይም የሽያጩ ዋጋ አያድግም። እዚህም ላይ ግን የመስኮቱን ስም ብቻ አይቶ መፈረም አይገባም። የባንኩን ሠራተኛ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ዕቃው ገና ባሕር ላይ ሳለ የማን ነው? ቢሰምጥስ በማን ይሰምጣል?