የአውሮፕላን ማረፊያ ዕድገትና የአካባቢ ሕግ፦ ከደማም በረሃ እስከ አቡሴራ ማሳ

በምሥራቃዊ የሳዑዲ ዓረቢያ ግዛት በደማም፣ በአልኮባርና በዳህራን ለሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ሲመላለሱ የሚጠቀሙበት የንጉሥ ፋህድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በይዞታው ስፋት ከዓለም ቀዳሚ ነው። 776 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ይዞታ ጎረቤት አገር ባሕሬንን ያህላል። ከዚህ ውስጥ በግንባታ የተያዘው ግን እጅግ አነስተኛው ክፍል ሲሆን የቀረው እስካሁን ባዶ አሸዋ ነው። ባዶ የቀረው መሬት ለተመልካች የባከነ ሊመስል ይችላል። በአውሮፕላን ማረፊያና በአካባቢ ጥበቃ መካከል ስላለው ግንኙነት ብዙ የሚያስተምረው ግን ይኸው ባዶ መሬት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጥር 2018 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በቢሾፍቱ አካባቢ፣ አቡሴራ በተባለው ሥፍራ፣ የአዲሱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። 12 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ የተነገረለት ይህ ፕሮጀክት በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታቅዷል። የሚያርፍበት መሬት 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደማሙ ይዞታ ከዚህ 22 እጥፍ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የደማሙ መሬት በረሃ ሲሆን የአቡሴራው ገበሬ ሲያርሰው የኖረ ማሳ ነው።

የደማም አውሮፕላን ማረፊያ ለምን ይህን ያህል ሰፊ መሬት እንደተያዘለት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ማየት ያሻል። ምሥራቃዊው ግዛት ለአሥርት ዓመታት ያገለገለው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በአሜሪካውያን የተመሠረተው የዳህራን አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የነዳጅ ሀብቱ ደማምን፣ አልኮባርንና ዳህራንን እያሳደገ ሲያቀራርባቸው ማረፊያው በከተሞቹ መካከል ተያዘ። የአዲሱ ማረፊያ ዕቅድ በ1976፣ ግንባታውም በ1983 ተጀመረ። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት ገና ሳይጠናቀቅ የጦር አውሮፕላኖችን አስተናገደ። የሲቪል በረራው ከዳህራን ተጠቃሎ የገባበት ኅዳር ወር 1999 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዕቅድ እስከ አገልግሎት 23 ዓመታት መውሰዱ ነው።

የአዲስ አበባም ታሪክ ከዚህ አይለይም። መዲናዋ በመጀመሪያ በልደታ፣ ከዚያም በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ቦሌ ላይ ተገልግላለች። ቦሌ ሲመረጥ ከከተማው ውጭ ያለ ሜዳ ነበር። ዛሬ ግን በመኖሪያ ቤቶች፣ በሆቴሎችና በመሥሪያ ቤቶች ተከብቦ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው ማስፋፊያ አቅሙን ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኞች ቢያሳድገውም ከዚያ በላይ የሚሰፋበት መሬት የለውም። ከዚህም ሌላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር የሚበልጠው ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው፣ አውሮፕላኖች ሙሉ ጭነትና ነዳጅ ይዘው ለመነሣት ይቸገራሉ። አቡሴራ ከቦሌ ዝቅ ያለ በመሆኑ ይህን ችግር ያቃልላል ተብሎ ይጠበቃል። በዝቅተኛ ሥፍራ ያለው ደማምም ከዚህ ፈጽሞ ነፃ አይደለም፤ የበጋው ሐሩር አየሩን ስለሚያሳሳው ተመሳሳይ ጫና ያስከትላል።

ከሁለቱ ከተሞች ታሪክ የምንረዳው አውሮፕላን ማረፊያ ከተማን ሸሽቶ ቢወጣም ከተማው ተከትሎት እንደሚመጣ ነው። ማረፊያው ራሱ ሥራን፣ መንገድን፣ መጋዘንንና ሆቴልን ይጠራል። በዚህም ምክንያት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባጸደቀው የድምፅ ብክለት ቁጥጥር መርሕ አራት መንገዶችን አስቀምጧል፤ እነርሱም የአውሮፕላኑን ድምፅ ከምንጩ መቀነስ፣ የአካባቢውን የመሬት አጠቃቀም ማቀድ፣ የበረራ አሠራርን ማስተካከልና እንደ አስፈላጊነቱ በረራን መገደብ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ አስቀድሞ ከተሠራ ርካሹ፣ ከዘገየ ደግሞ እጅግ ውዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በአውሮፕላን ድምፅ የሚደርሰው አማካይ ጫና ከ45 ዴሲቤል፣ በሌሊት ደግሞ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። በማኮብኮቢያ አቅራቢያ መኖሪያ ሠፈር ከተቆረቆረ በኋላ ይህን ልክ መጠበቅ ከቶ የማይታሰብ ነው። የደማሙ ባዶ አሸዋ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል።

ይሁን እንጂ የመሬት ስፋት ብቻውን የአካባቢ ጥበቃ አይሆንም። ማረፊያው ከከተማ በራቀ ቁጥር መንገደኛውና ሠራተኛው ረዥም መንገድ በመኪና ይጓዛሉ፤ በድምፅ የዳነው አካባቢ በጭስ ይጎዳል። የቢሾፍቱ ዕቅድ ማረፊያውን ከቦሌ ጋር የሚያገናኝ ፈጣን ባቡር ማካተቱ በዚህ ረገድ ተገቢ ነው፤ ጥቅም የሚሰጠው ግን ከማረፊያው ጋር እኩል ከተጠናቀቀ ብቻ ነው። በተጨማሪም የተቃጠለ አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ ከሦስት ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ይህ ልቀት በየትኛውም አጥር አይታገድም። አየር መንገዶች ከተወሰነው ልክ በላይ የለቀቁትን እንዲያካክሱ የሚያስገድደው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኞቹን አገሮች የሚመለከት ግዴታ ስለሚሆን፣ የዛሬ የግንባታ ውሳኔዎች የነገ ወጪዎች መሆናቸው አይቀርም።

የውኃና የአዕዋፍ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባል። በደማምና በቀጢፍ አቅራቢያ ያለው የታሩት ባሕረ ሰላጤ የማንግሮቭ ደን ለዘመናት የስደተኛ አዕዋፍ ማረፊያ ሆኖ ኖሯል፤ ለከተማ ማስፋፊያ ሲባል ባሕሩ በአፈር በመደልደሉ ግን ደኑ ብዙ ሥፍራ አጥቷል። ቢሾፍቱም የሐይቆች ከተማ ናት። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ሌሎቹ ሐይቆች፣ እንዲሁም እንደ ወቅቱ የሚሞላውና የሚጎድለው ጨለቅለቃ ረግረግ ከሩቅ የሚመጡ አዕዋፍን ያስተናግዳሉ። ይህ የተፈጥሮ ውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይም ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1988 ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የእርግብ መንጋ ወደ ሞተሮቹ በመግባቱ ለመከስከስ በቅቶ፣ ከ104 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች 35ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። እንግዲህ በማረፊያው ዙሪያ የሚኖረው የቆሻሻ አወጋገድ፣ የእርሻ ዓይነትና የረግረጉ አያያዝ የበረራ ደኅንነት አካል ናቸው። ለነዳጅ ቃጠሎ ማጥፊያ የሚውሉ አንዳንድ አረፋዎች በሌሎች አገሮች በማረፊያዎች ዙሪያ ያለውን የከርሰ ምድር ውኃ በክለው በመገኘታቸው፣ የጉድጓድ ውኃ ምርመራም ከግንባታው በፊት ሊጀመር ይገባዋል።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ሕግና ሕጉን የሚያስፈጽመው ተቋም ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 የአካባቢ ሕግ ተገዥነትን የሚቆጣጠር ብሔራዊ ማዕከል አቋቁማ፣ በ2020 አዲስ የአካባቢ ሕግ አውጥታለች። ቀደም ሲል ማረፊያዎችን ያስተዳድርና ይቆጣጠር የነበረው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም በቁጥጥር ሥራ ላይ እንዲወሰን በመደረጉ፣ የደማም ማረፊያ ከ2017 ጀምሮ በራሱ ኩባንያ ይተዳደራል። አንድ እጅ እየገነባ በዚያው እጅ ራሱን እንዳይመዝን ማድረግ የቁጥጥር ሁሉ መነሻ ነው።

በኢትዮጵያም የሕጉ መሠረት አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት ያደርጋል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚመለከቱት የአካባቢ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ግምገማው ሳይጸድቅ ሥራ እንዳይጀመር ይከለክላል። ችግሩ በአፈጻጸም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ የግምገማ ሥልጣኑን ፕሮጀክቶቹን ለሚመሩት የዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በውክልና መስጠቱ፣ ፍርድ ሰጪውንና ባለጉዳዩን አንድ ያደርጋል የሚል ትችት አስከትሎ ነበር። ከ2017 ወዲህ ማረፊያዎቹ በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር የተጠቃለሉ እንደ መሆናቸው፣ የአቡሴራው ግምገማና ክትትል ከአልሚው ነፃ በሆነ አካል እጅ መሆኑ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የአካባቢ ጥበቃ ሲባል መሬቱን ሲያርስ የኖረውም ሰው ይካተታል። ያው አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተነሡ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳና ለመቋቋሚያ የሚሆን በቂ ድጋፍ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አየር መንገዱ ለተነሺዎቹ መኖሪያ ቤቶች ማስገንባቱ መልካም ጅምር ነው። ይሁንና የገበሬ ሀብቱ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ማሳው፣ የግጦሽ መሬቱና የውኃ ምንጩ ጭምር ነው። አንድ ጊዜ የተከፈለ ገንዘብ ያልቃል፤ በዘላቂነት የሚያኖረው ሙያ፣ ሥራና ከማረፊያው አገልግሎት የሚገኝ ድርሻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቁጥጥር ልማትን ያዘገያል የሚሉ አሉ። አየር መንገዱ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ተቋም በመሆኑ መዘግየት የሚያስከትለው ኪሣራ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ጥናትን ማሳጠር ጊዜን ላያተርፍ ይችላል። የለንደኑ ሂትሮ ማረፊያ ሦስተኛ ማኮብኮቢያ በአየር ንብረት ክርክር ሳቢያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በይግባኝ ፍርድ ቤት ታግዶ፣ በታኅሣሥ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢፈቀድም በክርክሩ ዓመታት ባክነዋል። አበዳሪ ተቋማትም ገንዘብ ከመልቀቃቸው በፊት የአካባቢና የማኅበራዊ ጥናትን ይጠይቃሉ። ጥንቃቄው እንግዲህ የብድሩም ዋስትና ነው።

ከደማም የሚቀሰመው ትምህርት 776 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት መያዝ አይደለም፤ ገበሬ በሰፈረበት አገር ይህ አይቻልም፣ አይገባምም። ትምህርቱ ከተማው ከመድረሱ በፊት ወሰን ማበጀት ነው። አቡሴራ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ በዙሪያው መኖሪያ የማይሠራበት ቀጠና በሕግ ሊከለል፣ እርሻና ደን ሆኖ እንዲቆይ ሊደረግ፣ የድምፅ፣ የውኃና የአየር ልኬቶች በየጊዜው ለሕዝብ ይፋ ሊደረጉ ይገባል። ቦሌ ሜዳ በነበረበት ዘመን ይህ ባለመደረጉ የተከፈለውን ዋጋ በዙሪያው የሚኖር ሁሉ በየዕለቱ ከሰማይ ይሰማዋል። ለአቡሴራ ግን ጊዜው ገና አላለፈም።