ስልኩ ሲዘጋ ኢሜይሉን ማን ያያል?

ወንድምዎ ፃግብጂ ተመድቦ ያስተምራል እንበል። ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቶ መልስ እየጠበቀ ነው። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይዘጋል፣ ኔትወርኩም ይመጣል ይሄዳል፤ ኢሜይሉን በደንብ የሚያየው ሰቆጣ ሲገባ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዋግ ኽምራ ከመገናኛ ተቆርጦ መክረሙን የሚያስታውስ ቤተሰብ ይህን ስጋት አያቃልለውም። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ «በአምስት ቀን ውስጥ ያረጋግጡ» የሚል ቢሆንስ? ደግሞም ጂሜይል ስፓም ውስጥ የገባን መልእክት ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል።

ብዙ ቤት የሚደረገው የይለፍ ቃሉን አዲስ አበባ ላለችው እህት መስጠት ነው። ይህን አልመክርም። ኢሜይሉ የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ሳይሆን ሌት ተቀን በማይዘጋ ሰርቨር ላይ ነው። ለሰርቨሩ የተሰጠ ትእዛዝ የወንድምዎ ስልክ ቢዘጋም ይፈጸማል።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የነበረው ፓዲስ መልእክቶችን ሰብስቦ ያቆይና በስልክ መስመር ይለዋወጥ ነበር። ቴሌ ኢንተርኔት የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት ሰው መስመር ላይ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ማሽኑ ይጠብቅለት ነበር።

ዛሬ በጂሜይል ይህን ለማድረግ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል፤ የስልኩ መተግበሪያ ማጣሪያ አይሠራም። በመጀመሪያ በቅንብሩ ውስጥ የእህትየዋን አድራሻ ማስተላለፊያ አድርጎ ማስመዝገብ ነው፤ ለእሷ የሚደርሳት የማረጋገጫ ቁጥር ይጠየቃል። ቀጥሎ በፍለጋው ሳጥን ጫፍ ያለችውን ምልክት ተጭኖ «ከማን» የሚለው ቦታ ላይ የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ መጻፍ፣ ከዚያም ወደ ስፓም እንዳይገባ፣ ኮከብ እንዲደረግበትና ወደ እህትየዋ እንዲተላለፍ ማዘዝ ነው። እሷ የምታየው ያንን ብቻ ነው፤ የቀረው ደብዳቤ የወንድምዎ ምስጢር ሆኖ ይቆያል። ማስታወቂያዎቹን «አጥፋ» ብሎ ማዘዝ ግን ይቅር። አንድ ቃል ተመሳስሎ የቪዛ ቀጠሮ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ምልክት አድርጎ ወደ ጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ማጣሪያው የማይችለውን ደግሞ የጎግል አፕስ ስክሪፕት ይሠራል። በነፃ ነው፤ በጃቫስክሪፕት ይጻፋል፤ በጎግል ኮምፒዩተር ላይ በየሰዓቱ ተነስቶ ለምሳሌ ከደብዳቤው ጋር የተያያዙ ፋይሎችን ድራይቭ ውስጥ በየፎልደሩ ያስቀምጣል። ቤት ውስጥ ፕሮግራም የሚማር ልጅ ካለ ለዕረፍት ቀን ጥሩ ሥራ ነው። ከማያውቁት ሰው የተገኘ ስክሪፕት ግን እንዲሁ ገልብጠው አይለጥፉ፤ «ፍቀድ» ሲሉት ደብዳቤዎን ሁሉ የማንበብ፣ በስምዎ የመላክና የማጥፋት ሥልጣን ሊያገኝ ይችላል።

አካውንቱን የከፈተው የኢንተርኔት ካፌ ሠራተኛ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው የማስተላለፊያ አድራሻዎቹንና የማጣሪያዎቹን ዝርዝር ይዩ። የማያውቁት አድራሻ ካገኙ ያጥፉት፤ የይለፍ ቃሉንና የመልሶ ማግኛ ስልኩንም ይቀይሩ።