ምን ወልጄ ልተኛ?

ማክሰኞ ጠዋት ቡራዩ፣ ከሰፈራችን ቦኖ ውሃ ወደ ላይ በሚወስደው ዳገት ላይ ያየሁት ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ። ጎረቤቴ ማህፀናቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ገና 12 ቀናቸው ነው። ጀሪካን አዝለው አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ምነው ቢተኙ?»

«ምን ወልጄ ልተኛ፣ ልጄ?»

ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ማህፀኗ የወጣላት ሴት ደግሞ 6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለባትም፤ የውጩ ቁስል ቢደርቅም የውስጡ ስፌት ገና አልጠናም።

ለወለደች ሴት ሥርዓት አለን። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሳ አራስ ናት፤ ገንፎው ይሠራላታል፣ ጠያቂው ይጎርፋል። ማዮማ (የማህፀን ዕጢ) ዓመታት ደም ሲያፈሳት የኖረች፣ ማህፀኗ ወደ ታች ወርዶባት በዝምታ የተሰቃየች ሴት ስትታከም ግን «ባዶ ቀረች» ይሏታል።

ውሸት ነው! ማህፀን ሲወጣ ሴትነት አብሮ አይወጣም። እንቁልጢዎቿ ከተተዉላት የወር አበባዋ ይቀራል እንጂ ሆርሞኗ ወዲያው አይቋረጥም። እነሱም ከወጡ ግን ዕድሜዋ ሳይደርስ ታርጣለች፤ የሙቀት ወላፈን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የአጥንት መሳሳት ይከተላል። ለዚህም ሕክምና አለ። ነገር ግን ምኗ እንደወጣ ያልተነገራት ሴት ምን ብላ ትጠይቅ? እትዬም አያውቁትም፤ ሐኪሙ ያስረዳው ባላቸውን ነው።

ከእኛ አልፎ በአምቦ መንገድ የፊስቱላ ታካሚዎች መጠጊያ የሆነ ደስታ መንደር አለ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ፍሬ ነው። ፊስቱላም ሴት ተደብቃ የምታለቅስበት ሕመም ነበር፤ በስሙ ሲጠራ ሐኪምም መጠጊያም አገኘ። ለእትዬ ሕመም ስሙን የምናወጣው እኛው ጎረቤቶቻቸው ነን፤ አራስነት ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሴቶች ገንፎ ሠርተን ገባን። «እንኳን ማርያም ማረችዎ!» አልናቸው። እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ብዙ ቆዩ። ስንወጣ ጀሪካኑን ከደጃፋቸው አንስተን ተራ አወጣን፤ 6ኛው ሳምንት እስኪሞላ። የእኔ ተራ ሰኞና ሐሙስ ነው።