«ካሽታ» ለእነሱ ሽርሽር ነው፤ ለአንቺስ?

እህቴ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል የቤቱ ሁኔታ እንደሚለወጥ አንቺም አስተውለሻል። ድንኳኑ ከመጋዘን ይወጣል። ምንጣፉ፣ ከሰሉ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው መኪና ላይ ይጫናል። ባባ ጭልፊቱን ክንዱ ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ማዳም ደግሞ «ያላ፣ ካሽታ!» ትላለች።

ዛሬ ላወራሽ የፈለግኩት ስለዚህች አንዲት ቃል ነው። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። አንድ ቀን መዲናት ዛይድ ውስጥ በአንዲት እህታችንና በማዳሟ መካከል ቁጭ ብዬ ነበር። እህታችን ሦስት ቀን በረሃ ቆይታ ተመልሳለች፤ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስታበስል፣ ስታጥብ፣ ልጆች ስትጠብቅ ነው የከረመችው። የዕረፍት ቀኗም በመሃል አለፈ። ስትጠይቅ ማዳም ከልቧ ተገርማ «ካሽታ ወስደናት የለ እንዴ? አብራን ተዝናንታ!» አለች። ማዳም አልዋሸችም። ቃሉ ለእሷ ሽርሽር ነው። ለእህታችን ግን የወጥ ቤቷ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ውሃው ሩቅ መሆኑና አሸዋው ድስት ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው። ይህንን ስተረጉምላት ማዳም ትንሽ ዝም አለችና ሌላ የዕረፍት ቀን ሰጠቻት። ጠቡ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ አንዲት ቃል ለሁለት ሰው ሁለት ትርጉም ስለነበራት ነው።

ይህን ስልሽ አደናቸውን እንድትጠዪው አይደለም። እንዲያውም ብታውቂው ትወጂዋለሽ ባይ ነኝ። በአገራችን አደን ሲባል ትዝ የሚለን ጠመንጃ ነው። ውጅግራና ምንሽር የምንላቸው እንኳ «ፉዚ ግራ» እና «ማንሊኸር» የሚሉ የአውሮፓ ስሞች አማርኛ ሆነው ነው። እዚህ ግን የአዳኙ ኩራት ጠመንጃው ሳይሆን ጭልፊቱ ነው። የኛ ሰው የጠመንጃውን ዓይነት እንደሚያወዳድር፣ እነሱም ማታ እሳት ዳር ጭልፊት ያወዳድራሉ። አንዱ «ሑር» ይሻላል፣ ለበረሃው ታጋሽ ነው ይላል። ሌላው «ሻሂን» ይላል፤ ይህቺ ከላይ ስትወረወር ፍጥነቷ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሌላው ከቀዝቃዛው ሰሜን የመጣውን ትልቁን «ጂር» ያወድሳል።

የሚታደነው ወፍ «ሁባራ» ይባላል። የዱር ሁባራ ማደን በኤምሬትስ የተከለከለ ነው። ለአደን የሚለቀቁት በማራቢያ ጣቢያ የተፈለፈሉ ናቸው። የማራባቱን ሥራ ሼኽ ዛይድ እ.ኤ.አ. በ1977 አል ዐይን መካነ አራዊት ውስጥ አስጀመሩ፤ የመጀመሪያው ጫጩት በ1982 ተፈለፈለ። መዲናት ዛይድ ባለችበት በአል ዛፍራ ደግሞ ባህላዊ አደን በጭልፊትና በሳሉኪ ውሻ የሚካሄድበት አል መርዙም የተባለ የተከለለ ቦታ አለ። የኛም ቆቅ እዚህ ዘመድ አላት። በአቡዳቢና በአል ዐይን መናፈሻዎች ጠዋት ጠዋት የምትጮኸውን ግራጫ ወፍ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ዓረቦች «ዱራጅ» ይሏታል።

ጭልፊት ባለበት ቤት የምትሠሪ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልግሻል። የጭልፊት ክብደት በየጊዜው ይመዘናል፤ ከጠገበ ወደ አዳኙ ላይመለስ ስለሚችል የተረፈ ሥጋ አትስጪው። ሳንባው ስስ ነው። የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚወጣው ጭስ ወፍ ይገድላል። የሚረጭ የጽዳት መድኃኒትም አጠገቡ አትጠቀሚ። ወፉ አንድ ነገር ቢሆን ጣት የሚቀሰረው መጀመሪያ ወደ ማን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ጭልፊቱን የመንከባከብ ሥራ ቢሰጡሽ «አላውቅበትም» ማለት ነውር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ኤምሬትስ ከ2002 ጀምሮ ለጭልፊቶች ፓስፖርት ትሰጣለች፤ የቀለበቱ ቁጥር ተጽፎበት ከወፉ ጋር ድንበር ይሻገራል። ከ1999 ጀምሮ አቡዳቢ ውስጥ የራሳቸው ሆስፒታል አላቸው። አንዳንዷ እህቴ ይህን ስትሰማ «ወፍ ከእኔ ተሻለች» ብላ ታዝናለች። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ አገሩ የሚያከብረውን ነገር በወረቀት ያስከብራል፤ ለአንቺም ወረቀት አለሽ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ ይሰጥሻል። በዕረፍት ቀንሽ ከሠራሽ ምትክ ቀን ወይም ክፍያ ይገባሻል። በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ማረፍ አለብሽ፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ያልተቆራረጡ መሆን አለባቸው። ፓስፖርትሽንም ራስሽ የመያዝ መብት አለሽ። ሕጉ ቤት ውስጥ ሠርቶ በረሃ ላይ አይቆምም።

ሕግ ማወቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አነጋገሩም ያስፈልጋል። ከጉዞው በኋላ አኩርፎ ከመጠየቅ ከጉዞው በፊት ፈገግ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። «ከም ዮም?» በይ፤ ስንት ቀን ማለት ነው። ቀጥለሽ «ዮም ራሓቲ መታ?» በይ፤ የዕረፍት ቀኔ መቼ ነው ማለት ነው። የአደኑ ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም የምትጾሚ ከሆነም አስቀድመሽ ተናገሪ፦ «አና ሳይማ፤ ማ ኣኩል ለሕም ወላ ሐሊብ ወላ ቤድ»። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም ማለት ነው። ጾምን የሚያከብር ሕዝብ ነውና ይገባቸዋል። ሳትነግሪያቸው ግን ያደኑትን ሲያቀርቡልሽ እንቢ ብትዪ ንቀት ይመስላቸዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልለምንሽ። በረሃ ስትወጪ አንዴ እንኳ ከድስቱ አጠገብ ተነስተሽ ጭልፊቱ ሲለቀቅ ለማየት ፈቃድ ጠይቂ። «አብጋ አሹፍ» በይ፤ ማየት እፈልጋለሁ ማለት ነው። ጭንብሉ ይወልቃል፤ ወፉ ዙሪያውን ያያል፤ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። አሳማሪው ነገር መግደሉ አይደለም፤ ያቺ ዝምታ ናት። አዛውንቱም፣ ልጁም፣ ሹፌሩም አንድ ሰማይ ያያሉ። አንቺም አብረሽ ካየሽ፣ ማታም በሰዓትሽ ከተኛሽ፣ ያን ጊዜ ማዳም «ካሽታ ሄድን» ስትል «አዎ፣ ሄድን» ትያለሽ።