በጆሮ ወይስ በሰሌዳ? የእንግሊዝኛ ግስ ጊዜያት ለሕፃናት

ሀ. ጆሮ ይቅደም

ሕፃናት የእንግሊዝኛን ግስ በኃላፊ፣ በአሁንና በትንቢት ከፋፍለው ሠንጠረዡን በቃል እንዲያጠኑ ማስገደድ ያለ ጊዜው የሚደከም ድካም ነው የምለው፣ ከግል ስሜት ሳይሆን ከተቈጠረና ከተመዘነ ነገር ተነሥቼ ነው። በ1958 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት ሰምተዋቸው የማያውቁ የፈጠራ ግሶችን በሥዕል እያሳየች ብትጠይቃቸው፣ «ዚብ» የሚለውን «ዚቢንግ» ብለው በትክክል ያረቡት ከመቶ 90፣ «ሪክ» የሚለውን «ሪክት» ብለው ወደ ኃላፊ የመለሱት ከመቶ 73 ሲሆኑ፣ ከደንብ የወጣውን እውነተኛ ግስ «ሪንግ»ን «ራንግ» ያሉት ግን ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ። ከዚህም ደንቡ ማንም ሳይነግራቸው ከሰሙት ተቀድቶ በልቡናቸው መቀመጡን፣ ከደንብ የወጣው ደግሞ ብዙ መስማትን መሻቱን እንረዳለን። በ1992 ጋሪ ማርከስና ባልንጀሮቹ ከ83 ሕፃናት አንደበት የተሰበሰቡ 11,521 ደንብ የለሽ የኃላፊ ግሶችን መርምረው፣ በ«ዌንት» ፈንታ «ጎድ» እንደ ማለት ያለው ስሕተት በመካከለኛው ግምት ከመቶ 2.5 ብቻ ሆኖ አገኙት፤ ይህም የዕድገት ምልክት እንጂ የሚቀጡበት ጥፋት አይደለም። ስለዚህ በ1ኛ ክፍል ያለችው ጥቂት የእንግሊዝኛ ሰዓት ለተረት፣ ለመዝሙርና ለጨዋታ ትዋል፤ ሠንጠረዡ ይቆይ።

ለ. ደንቡ የድኻው ልጅ መሰላል ነው

ወንድሜ የቈጠራቸው ሕፃናት እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ ናቸው፤ እኔ ዕድሜዬን ያስተማርኋቸው ግን ከክፍሌ ደጃፍ ሲወጡ ያንን ቋንቋ ከማንም አፍ የማይሰሙ ናቸው። አንዲት የጉሊት ነጋዴ ልጅ ስለ ትናንት ስትናገርም ስለ ነገ ስትናገርም «አይ ጎ» ከማለት አልወጣ ብላ ብዙ ወራት ቈየች። አንድ ቀን በሰሌዳው ላይ ሦስት ዐምድ አስምሬ፣ ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ ብዬ ከሥራቸው «ሄደች፣ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች» ብዬ ብጽፍ፣ ተነሥታ መጣችና ጠመኔው እጇን እያነጣው ሁለቱን «ትሄዳለች» በጣቷ እየነካች፣ «መምህር፣ የእኛ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እነሱ ግን ለነገ ሌላ ቃል ይጨምራሉ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ «ዊል»ን አልረሳችም።

አባቶቻችን በቅኔ ቤት «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል» እያሰኙ እርባ ቅምርን ያስጠኑ የነበሩት፣ ግእዝ በማንም ቤት የማይነገር ልሳን መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። የባለጸጋው ልጅ ከቴሌቪዥኑና ከመጽሐፉ እየሰማ ሲያድግ፣ ምንም የማይሰማውን ልጅ «ስማ፣ ይመጣልሃል» ማለት ምንጭ የሌለውን ሰው ከምንጭ ቅዳ ማለት ነው፤ ይህም በእኔ ኅሊና ግፍ ነው።

የሀ መልስ

አባታችን መምህሩ የድኻን ልጅ እርሳቸው ብቻ የሚያስቡለት አስመስለው መጻፋቸው አሳዝኖኛል። እኔም ያደግሁት ሬዲዮ በሌለበት ቤት ነው፤ የግሱን ሠንጠረዥ ባለመያዜ በኩርኩም ተመትቼ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በእንግሊዝኛ አፌን ለመክፈት ስፈራ የኖርሁ ነኝ። ወደ ቅኔ ቤትም የሚገባው ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ የጸና ተማሪ እንጂ የ7 ዓመት ሕፃን አይደለም።

የለ መልስ

ከወንድሜ ጽሑፍ ሁሉ ያንገበገበኝ «ይቆይ» የምትለዋ ቃል ናት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ታሪኩንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ያ ቀን ሲደርስ ለጉሊቷ ልጅ ማን ይቆይላታል? የኩርኩሙን ክፋት እኔም አወግዛለሁ፤ ነገር ግን ያች ልጅ በዚያን ቀን ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ሰሌዳው የመጣችው ማንም ሳይጠራት ነበር።