የሐዘኑ ቀን አብቅቷል፤ ሪፖርቱ የት አለ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ቤት ሲቀብር ጎረቤቱ አካፋና ዶማ ይዞ ሮጠ። አካፋ ያጣው በእጁ ቆፈረ። እየቆፈሩ ሳሉ ተራራው እንደገና ተናደና ቆፋሪዎቹንም ጨምሮ ወሰደ። የዞኑ አስተዳዳሪ ያኔ ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት ከሟቾቹ መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል። ስለ ባለሥልጣን ተጠያቂነት ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህ ዝርዝር ይመጣብኛል። በዚያ ቀን ከመንግሥት መዋቅር ሁሉ ዝቅተኛው እርከን ላይ የተቀመጠው ሹም ጭቃው ውስጥ ነበር። እሱ የሚጠበቅበትን ከፍሏል። የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው ከእሱ በላይ ካሉት ነው።

ዲላ ተወልጄ ዲላ ያረጀሁ ጡረተኛ ነኝ። የሥራ ዘመኔ ያለቀው በቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ ምርመራ ላይ ነው፤ ወናጎ፣ ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ገደብ እየዞርኩ ደረሰኝ ስገልጥ ኖሬያለሁ። አሁን የሰፈራችን እድር ሒሳብ ተቆጣጣሪ ነኝ። በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ስንት ለቀስተኛ እንዳስተናገድን ብቻ ነግሮን አይቀመጥም። ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ያነባል፣ እኔ ያየሁትን እናገራለሁ፣ ከዚያ እጅ ይወጣል። አንዷ እናት ተነስታ «ባለፈው የተገዛው ሸራ ውኃ ያስገባል፤ የመረጠው ማነው?» ትላለች። ሊቀመንበሩ «እማማ፣ በሐዘን ነገር ይህ ይነሳል እንዴ?» ቢላት ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እድር የቆመው ለሐዘን አይደለም ወይ? ሐዘን ካለ ሒሳብ አለ።

ለጎፋ ግን እንዲህ አላደረግንም። የሟቾቹ ቁጥር ማክሰኞ 229፣ ሐሙስ 257 ተባለ፤ የተባበሩት መንግሥታት እስከ 500 ሊደርስ ይችላል ብሎ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፣ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ አለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስፍራው ድረስ ሄደው አዘኑ። ክፋት የለውም፤ የሚያዝን መሪ ከማያዝነው ይሻላል። ከአገሪቱ አራት ማዕዘን ገንዘብ ተዋጣ፤ እኛም ከእድሩ ካዝና አውጥተን ሰጠን። ከዚያ በኋላ ግን እንደ እኔ ያለ ተራ ነዋሪ እጁ ገብቶ ሊያነበው የሚችል ወረቀት አልደረሰንም። ስንት ብር ገባ? ስንት ቤት ተሠራበት? ተዳፋቱ እንደሚያሰጋ ከቀደሙት ክረምቶች የተጻፈ ደብዳቤ ነበር? ከነበረ በማን መሳቢያ ውስጥ ቀረ?

ጉዳዩ የሩቅ ሐዘን አይደለም። ዲላ ያለችበት የጌዴኦ ዞንና ጎፋ በአንድ ክልል፣ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ሥር ነን። ከዲላ ወደ ቡሌ የወጣ ሰው አቀማመጣችንን ያውቀዋል፤ ዳገቱን የያዙት እንሰቱ፣ ቡናውና ከላያቸው የቆሙት ትላልቅ ዛፎች ናቸው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ይህንኑ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብልን ዲላ ጨፈረች። እኔም ጨፍሬያለሁ። ነገር ግን እንሰቱ ተነቅሎ ጫት የገባበትን፣ ቤት በዳገቱ ጎን ላይ እየተጠጋጋ የተሠራበትን ቦታ ሁላችንም እናያለን። ሕዝቡ በጣም ብዙ ነው፤ መሬቱ ግን ያው ነው። በሐምሌ ሌሊት ዶፍ ሲወርድ በዚያ ተዳፋት የተኛ ቤተሰብ ተነስ የሚለው ማነው? የሚሄድበትስ የት ነው?

ወዳጆቼ «አሜሪካም ያው ናት» ይሉኛል። በከፊል ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ የጎርፍ መከላከያው ግንብ ፈረሰ፣ ድሃው፣ በተለይም ጥቁሩ ሕዝብ፣ ጣሪያ ላይ ሆኖ ለቀናት እርዳታ ለመነ፣ ከ1,300 በላይ ሰው ሞተ። ፕሬዚዳንት ቡሽ በአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል ሲመለከቱ የተነሱት ፎቶ እስከ ዛሬ ይከተላቸዋል። የአደጋ መሥሪያ ቤቱን ይመሩ የነበሩት ማይክል ብራውን ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት የሠሩት በአረብ ፈረሶች ማኅበር ውስጥ ነበር። (ሹመት ለዝምድና የሚሰጠው እኛ ዘንድ ብቻ የሚመስለው ካለ ይጽናና።) ፕሬዚዳንቱ በአደባባይ አመሰገኗቸው፤ ብዙ ቀን ሳይቆይ ሥራቸውን ለቀቁ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የሰውየው መልቀቅ አይደለም። ሰው ማባረር ቀላል ነው፤ እኛም እንችልበታለን። የሚገርመኝ ገና ስድስት ወር ሳይሞላ የራሱ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ የሚመራው የምክር ቤት ኮሚቴ ማን መቼ ምን እንዳወቀና ምን ሳያደርግ እንደቀረ ዘርዝሮ ማሳተሙ ነው። ከአደጋው ዓመት ሳይሞላም ግንቡን የሠራው የጦሩ መሐንዲሶች መሥሪያ ቤት የሥራው ጉድለት የራሱ እንደነበር በሪፖርት አመነ። በእኛ ምክር ቤቶችም አንድ ፓርቲ ወንበሩን ሁሉ በሚባል ደረጃ ይዟል። ይህ ግን ዝም ለማለት ምክንያት እንደማይሆን ያ ኮሚቴ ያሳያል።

በአሜሪካ ሥር ባለችው በፖርቶ ሪኮ የሆነው ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲያወድም አገረ ገዥው የሞተው 64 ሰው ነው አለ። መብራት ተቋርጦ፣ መድኃኒት አልቆ በየቤቱ የሞተው አልተቆጠረም። ዘመዶቻቸው የሟቾቹን ጫማ አምጥተው በምክር ቤቱ ደጅ ደረደሩ። በዓመቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ አጥንቶ 2,975 ሲል መንግሥት የቀድሞ ቁጥሩን ጥሎ ይህን ተቀበለ። በ64 እና በ2,975 መካከል ያለው ልዩነት የሒሳብ ስህተት ሊባል አይችልም። በእኔ ሙያ እንዲህ ያለ ጉድለት ሲገኝ ካዝናው ይታሸጋል።

የእኛ የራሳችን ታሪክም ያስተምረን ነበር። የወሎን ረሃብ ደብቆ የኖረው የንጉሡ መንግሥት በ1966 ሲናወጥ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ባለሥልጣናቱን መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ኅዳር 1967 ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነና የብዙዎቹ ምርመራ በጥይት ተቋረጠ። የሞተ ሰው አይመሰክርም። በ1977 ያው ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ እንደገና በረሃብ ያልቁ ነበር። በመጋቢት 2009 አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብርም ሐዘን ታወጀ።

የጌዴኦ ቁስል ከተፈጥሮ የመጣ አልነበረም፤ ቢሆንም ላልፈው አልችልም። በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ከሁለቱም ወገን አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። እኔም በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የተፈናቃይ ስም ስመዘግብ ከርሜያለሁ። ተፈናቃዮች ሳይፈልጉ እንዲመለሱ ጫና እንደተደረገባቸው፣ እርዳታም ለዚሁ መሣሪያ እንደሆነ የእርዳታ ድርጅቶች በይፋ ተናገሩ። በመጋቢት 2011 ከገደብ ወረዳ ጎቲቲ የወጡት የተራቡ ሕፃናት ፎቶዎች አገሩን አስደነገጡና ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጡ። እህሉም ከኋላቸው መጣ። ፎቶው ባይወጣስ? እነዚያን ወራት እህሉን ያዘገየው ውሳኔ የማን ፊርማ እንዳለበት ዛሬም የመጠየቅ መብት አለኝ። በሰኔ 2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት እህል ተዘርፏል ብለው ለመላ አገሪቱ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ ሲያቆሙም አስቀድሞ የተቀጣው እህል ተቀባዩ ነበር።

መብቱን ከየት አመጣኸው ለሚለኝ፣ ሕገ መንግሥቱን ይክፈት። አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 89 የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ መከላከልን፣ ሲደርስም በወቅቱ መርዳትን የመንግሥት ግዴታ ያደርጋል።

አንድ የወረዳ ሹም ይህን ሳነሳበት «እንዲህ ከሆነማ በአደጋ ጊዜ ደፍሮ የሚወስን ሰው አይገኝም» አለኝ። ቁም ነገር አለው፤ የሚፈራ ሠራተኛ ፋይል ከመግፋት በቀር አይሠራም። ለዚህ ነው ጥፋተኛ አድኑ የማልለው። ወስኖ የተሳሳተውንና አይቶ ዝም ያለውን የሚለየው ግን የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ሐቀኛውን ሹም ያድነዋል። ጌዴኦ ይህ አይጠፋውም። በሶንጎ፣ በባህላዊው ሸንጎ፣ ሽማግሌዎች ፊት ነገር ያለበት ሰው ቆሞ ይናገራል፣ የተበደለው ፊት ለፊት ይጠይቀዋል፣ የቀረው ይሰማል።

ስለዚህ የዞናችን ምክር ቤት ግንቦት ሳያልቅ አንድ ቀን ይመድብ። የአደጋ ሥራ አመራሩ፣ የግብርናውና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች ይቅረቡ። የሚያሰጉት ተዳፋቶች በቀበሌ ስማቸው ይነበቡ፤ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሌሊት የሚደወልለት ሰው፣ ሕዝቡ የሚሸሽበት ትምህርት ቤት፣ የተያዘው በጀት በብር ይነገር። ከዚህ በፊት ለአደጋ ተብሎ የተሰበሰበው ገቢና ወጪም አብሮ ይቅረብ። ወረቀቱ በጌዴኡፋና በአማርኛ ተባዝቶ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የማባዣ ወረቀት ካጠረ እድራችን ይገዛል፤ ደረሰኙን ግን እንጠይቃለን።