ፈረንሳይኛን በአማርኛ በኩል
በይፋቷ ካራቆሬ ሆኖ ፈረንሳይኛ መማር የሚሻ ወጣት እንደ አዲስ አበባው ሊሴ ገብረማርያም ያለ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው የለውም፤ ያለው ስልኩ ነው። ስልኩ ደግሞ በአብዛኛው የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። እንግሊዝኛ ለዕቃ ጾታ አይሰጥም፣ ታላቁንም ታናሹንም ሰው በአንድ «ዩ» ይጠራል። የይፋት ልጅ ግን «ፀሐይ ወጣች» እያለ ያደገ፣ ሽማግሌን «አንቱ» ካላለ የሚቆጡት ነው። ስለዚህ የፈረንሳይኛዎቹ መጠሪያዎች «ቱ» እና «ቩ» ሊያስጨንቁት አይገባም፦ ለማያውቁት ሽማግሌ «ቩ»፣ ለእኩያ ጓደኛ «ቱ» ነው። (እርግጥ «ቱ» ወንድና ሴት አይለይም።) ፀሐይ በፈረንሳይኛ ወንድ መሆኗን ግን መሸምደድ ግድ ነው። የጥቅስ ምልክቱ እንኳ የጋዜጦቻችን ነው፤ ፈረንሳዮች ከውስጡ ክፍተት ይጨምራሉ እንጂ። እውነተኛው ፈተና የአፍንጫው ድምፅ ነው፦ «ቦንዡር» ሲባል ለ«ን» የምላስ ጫፍ ላንቃ አይነካም። የቋንቋ መምህራን ሆይ፣ ይህን ድምፅ በአማርኛ ከማብራሪያው ጋር ቀድታችሁ ለገጠሩ ልጅ ላኩለት።